የኅዳር ሃያ አንድ ገጽ

ይድረስ ለወንድም ዓለም ለታምሬ፤ መቱ።

ቀን አልጠፋብኝም። ከሰላምታ በፊት ይህን ማስቀደም እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ወሬው ከደብዳቤዬ ቀድሞ አንተ ዘንድ ስለ ደረሰ አስቀድሜ ላርመው። የዋጃው አላምረው፣ ያ አውቶቡስ ነጂው፣ በስልክ የነገረህ እንዲህ ብሎ ነው አሉ፦ «እትዬ ውዱ ቀን ጠፋባት። የእናቷን ሙት ዓመት እንደ ወትሮዋ ለኅዳር ጽዮን ሳታወጣ ቀረች፤ ሦስት ሳምንት ቆይታ ደግሞ በሚካኤል ድንገት ሰው ጠራች። አእምሮዋ ደክሟል።» ለኅዳር ጽዮን ሳላወጣ መቅረቴና በሚካኤል ሰው መጥራቴ እውነት ነው። የቀረው ሐሰት ነው። ዛሬ ሐሙስ፣ ታኅሣሥ ዐሥራ ስድስት ቀን ነው፤ ለገና ዐሥራ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ የዘንድሮው ጳጉሜን አምስት ቀን ነው፤ ስድስት የምትሆነው በሚመጣው ዓመት ነው። አእምሮው የደከመ ሰው እንዲህ አይቆጥርም።

አሁን በወጉ ልጠይቅህ። እንዴት ከርመሃል፣ ወንድም ዓለም? ወገብህስ እንዴት ነው? ቡና ለቀማ ላይ ጎንበስ ማለት እንዳስቸገረህ ልጅህ ብሩክታዊት ነግራኛለች። ባለቤትህ ከፈለች እንዴት ናት? ያ የክረምት ሳል ለቀቃት? በረከትስ፣ የልጅ ልጅህ፣ ንባብ ጀመረ? እናንተ አገር ዝናብ አይቋረጥም ይሉኛል፤ እኛ ቆቦ ላይ ደመና ስናይ እንደ እንግዳ ከደጅ ወጥተን ነው የምንቀበለው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም እንጂ ዓይኔ ፊደል ይለያል። ማሽላው ዘንድሮ መልካም ነው፤ ቆረጣው ካለቀ ሳምንት ሆነው፤ ከሮቢት እስከ ጎብዬ ድረስ አገዳው በየማሳው ተከምሮ ይታያል። ወንዛችን ጎሊናም በልኩ መጥቶ በልኩ ሄደ፤ የማንንም እርሻ አልነካም።

ለጎረቤቴ ለሙሉ ደውለህ «እታለምን ብቻዋን አትተያት፤ መጥቼ እስክወስዳት ድረስ አደራ» እንዳልሃት ሰማሁ። አርባ አንድ ዓመት እግርህ ያልረገጠውን አገር፣ እታለም አበደች ሲሉህ ልትረግጠው ተነሣህ። ሙሉ ይህን ስትነግረኝ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ከዚያ አለቀስሁ፤ ከዚያ ደግሞ አፈርሁ። ታምሬ፣ ለእብደቴ ብለህ አትምጣ። ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከዚያ በኋላ እግርህ የሚልህን አድርግ።

መዝገቤን ታስታውሰዋለህ። ማስተማር በጀመርሁ ዓመት በእጄ የጠረዝሁት፣ አንተ «የእታለም ዳዊት» እያልህ የምትቀልድበት ማለቴ ነው። ገጹ የዓመት አይደለም፤ የዕለት ነው። ለእያንዳንዱ ዕለት አንድ ገጽ፣ ለጳጉሜን ስድስት። በዚያ ዕለት የሆነው ሁሉ፣ ዓመቱ የትም ይሁን የት፣ በአንዱ ገጽ ላይ ይጻፋል። የመጋቢት ሃያ ሁለትን ብትገልጥ የማይጨው ጦርነት አለ፤ ከሥሩ ደግሞ የእኛ ቡሬ ላም መንታ የወለደችበት። ኅዳር ዐሥራ ሁለትን ብትገልጥ ያ ሕዝብ የፈጀ የኅዳር በሽታ አለ፤ እስከ ዛሬ ሰፈርተኛው ቆሻሻውን እየሰበሰበ የሚያጤስለት። በየማለዳው ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ የዕለቱን ገጽ ለተማሪዎቼ አነብብላቸው ነበር። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ዓርብ ዓርብ እየሄድሁ አነብባለሁ። በጦርነቱ ወራት ሌላ ንብረቴን ትቼ መዝገቡን ጎታ ውስጥ፣ ማሽላው ሥር ቀብሬ አተረፍሁት። የከተማው ሰው ሰርግ ሲደግስ፣ ዕድሜ ሲጠፋበት፣ የሙት ዓመት ሲቆጥር እኔ ዘንድ ይመጣል። ውዱ ካለችው አይዛነፍም ይላሉ።

ተማሪዎቼ በጣም የሚወዱት የሚያዝያ ሃያ ሰባትን ገጽ ነው። ጠላት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ ሃያ ሰባት ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስምንት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው የገቡት ደግሞ ሚያዝያ ሃያ ሰባት ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሦስት፣ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ሁልጊዜ ያጉረመርማሉ፤ የእግዚአብሔር ሥራ ነው ይላሉ። አምና አንዲት ማርታ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «መምህርት፣ ቀኑ ነው የገጠመው ወይስ ንጉሡ ናቸው ያገጣጠሙት?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ከተማዪቱ ነጻ ከወጣች አንድ ወር ያህል አልፏት ነበር፤ እሳቸው ቀኑን ጠብቀው ገቡበት። ስለዚህ «ያገጣጠሙት እሳቸው ናቸው» አልኋት። ልጅቱም «ታዲያ ሰው ካገጣጠመው እኮ እንዳጋጣሚ አይቆጠርም» አለችና ተቀመጠች። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ሌላ ገጽ ትዝ አለኝ።

የኅዳር ሃያ አንድን ገጽ ላንብብልህ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባት ሥር ሁለት መስመር አለ። «በዚህ ዕለት ወንድሜ ታምሬ ከሰፈራ መኪና ጋር ሄደ። በዚህ ዕለት እናቴ ዐረፈች።» የመጀመሪያው መስመር እውነት ነው። ሁለተኛው ሐሰት ነው። ተሳስቼ የጻፍሁት አይደለም፤ እያወቅሁ የጻፍሁት ነው።

እናታችን ያረፈችው ታኅሣሥ ዐሥራ ሁለት ቀን ነው። አንተ ከሄድህ በኋላ ሃያ አንድ ቀን ኖራለች። ሁለቱም ዓርብ ናቸው፤ ሐሰቴን የረዳው ይህ ነው። ቀኑን የረሳ ሰው ዓርብ መሆኑን ቢያስታውስ እንኳ አይጋጭብኝም ነበር። የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም በመሆኑም ሁሉም፣ «ማርያም በዕለቷ ጠራቻት» እያለ ተቀበለው። ያን ጊዜ ከረሃብተኞች መጠለያው በቀን ስንት ሬሳ ይወጣ እንደ ነበር ታውቃለህ፤ ማን የማንን ቀን ያስታውሳል?

ለምን እንዳደረግሁት ልንገርህ፤ ሰበብ እንዲሆነኝ ግን አይደለም። የሄድህ ዕለት ከቤት አልወጣሁም፤ ደህና ሁን አላልሁህም። አንድ ሳምንት ጠብቅ ብዬህ ነበር። አንተ «አፌን ይዤ ልሂድ፣ የቀረው ስንዴ ለሁለት ይበቃችኋል» አልህ፤ እኔ ግን ሸሽተህ ነው ብዬ ያዝሁብህ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ሰውን ለመመገብ ራሱን ከገበታ የሚያነሣ ልጅ ሸሸ አይባልም፤ ይህን ለመረዳት ግን እኔም ማርጀት ነበረብኝ። እናታችን ስታርፍ ከቤታችን ወንድ አልነበረም። ቃሬዛዋን የተሸከሙት ጎረቤታችን እንድሪስና ሦስት የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። እኔ ከኋላ ብቻዬን ሄድሁ፤ በመንገዱ ሁሉ የምረግመው ድርቁን አልነበረም፤ አንተን ነበር።

ከዚያ በሐምሌ የመጀመሪያው ደብዳቤህ መጣ። «እናቴ ዳነች? ጋቢዬ ይሞቃታል?» ብለህ ጽፈህ ነበር። ያን ስታነብ ማንም እኅት ልቧ ይለሰልስ ነበር፤ የእኔ ጠነከረ። «አንተ በሄድህበት ዕለት፣ የመኪናህ አቧራ ሳይበርድ ዐረፈች» ብዬ መለስሁልህ። ደብዳቤውን ከላክሁ በኋላ ምስክር እንዲሆነኝ መዝገቤ ላይም እንደዚያው ጻፍሁት። አንዱን ዕለት ጎትቼ ከሌላው ዕለት ጋር አሠርሁት። ከዚያ በየዓመቱ በኅዳር ጽዮን ንፍሮ ስቀቅል ዳቦ ስቆርስ፣ ሐሰቱ እየከረመ ወግ ሆነ። አንዳንድ ዓመት እኔ ራሴ አምኜው አውቃለሁ።

በመስከረም ብሩክታዊት ለመስቀል እኔ ዘንድ ስትመጣ ያችን ገጽ ገልጣ አነበበች። ቆማ አለቀሰች። «አክስቴ፣ አባባ ኅዳር ጽዮን ዕለት ነጭ ለብሶ አያውቅም» አለችኝ። «ታቦት ሲወጣ ከሩቅ ቆሞ ይመለሳል። ቆቦ እንሂድ ስንለው፣ ጥያት በሄድሁ ቀን የሞተችብኝን እናት መቃብር በምን ፊቴ አየዋለሁ ይለናል።» የማትመጣው መንገዱ ርቆህ፣ ኑሮው ይዞህ ይመስለኝ ነበር። አርባ አንድ ዓመት በእኔ መስመር ታስረህ መኖርህን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ለልጅህ ምንም አላልኋትም፤ መስማት የሚገባህ አንተ ነህና። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞከርሁ። «አቤት እታለም» ስትለኝ ድምፅህ የእሷን ድምፅ ሆነብኝና ስለ ዝናብ ጠየቅሁህ። ለንስሐ አባቴ ነገርሁ። እሳቸውም፣ «ለእግዚአብሔር መንገርሽ መልካም ነው፤ እሱ ግን አስቀድሞም ያውቀው ነበር። ለማያውቀው ንገሪ» አሉኝ።

አሁን የሃያ አንዱን ቀን ወሬ ስማ። ያንተ ነው፤ እኔ ይዤብህ ነው የኖርሁት።

በሄድህ በማግስቱ እናታችን ምንም አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ከመጠለያው ያመጣሁትን የወተት ዱቄት ገንፎ ሁለት ማንኪያ ወሰደች። በዘጠነኛው ቀን ፀሐይ ላይ አውጪኝ አለች፤ አወጣኋት፤ ጋቢህን ተከናንባ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ፀጉሬን አበጥሪልኝ አለችኝ። ሳበጥራት፣ «ታምሬ ቢሆን ይሳሳልኝ ነበር፤ አንቺማ እንደ ማሽላ ነው የምታርሚኝ» ብላ ሳቀች። አዎ፣ ሳቃለች። በዐሥራ አራተኛው ቀን ሰፋሪ አድርሶ የተመለሰ አንድ ሾፌር ከመጠለያው በር አገኘሁና ወደ ቤት አመጣሁት። አንተን አውቆሃል። «ያ ረጅሙ፣ ጥርሱ ፍንጭት? ደርሷል። የበቆሎ ንፍሮ ለሕፃናት ሲያድል ትቼው መጣሁ» አለ። እናታችን «ራሱስ በላ?» አለችው። በላ አላት። «አይተኸዋል?» አለችው። አይቻለሁ፣ በላ አላት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀው ሰውየው ሳቀና፣ «እማማ፣ ጠግቦ እየቀለደ ነው» አላት። ያን ጊዜ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፁ አልወጣም፤ ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ እንደ ሰርግ ቤት ሴት ዕልልታውን ጨረሰች። «እንግዲህ ልጄ እህል ካገኘ እኔም ጠግቤአለሁ» አለች።

ከዚያ እኔን ጠርታ የሚከተለውን ነገረችኝ። ተናግራ ስትጨርስ «ድገሚልኝ» ብላ እንደ ተማሪ አስደገመችኝ፤ ስለዚህ አንድ ቃል አላጎድልም። «ለታምሬ ንገሪው። ሲሄድ ዝም ያልሁት ተቀይሜው አይደለም፤ አፌን ብከፍት አትሂድ እለው ነበርና ነው። መንገዱን መርቄለታለሁ። የቆመበት መሬት አያንሸራትተው። የዘራው ይብቀልለት። ውኃ የሰጠው ሰው ሁሉ ዘመድ ይሁነው። ልጅ ይውለድ፤ ከልጆቹም አንዷ እኔን ትምሰለው። ወደ ኋላ እያየ አይሰናከልብኝ። አገሩ ሲርበው ይምጣ፤ ሲጠግብም ይምጣ። አደራሽን።» እኔም እሺ አልሁ።

ይህን አደራ ነው የበላሁት፣ ወንድም ዓለም። የእህል ዘመን ስላልነበረ ብዙ ሰው ያልሆነ ነገር በልቷል፤ እኔ ግን የእናቴን ምርቃት በላሁ። ዛሬ ከነሙሉው መለስሁልህ። ብሩክታዊት እሷን እንደምትመስል ታውቃለህ? ከቅንድቧ ጀምሮ እስከ አነጋገሯ። ሳልነግርህም ምርቃቱ ራሱ መንገዱን አግኝቶ ደርሷል ማለት ነው፤ እኔ ያስቀረሁት ማወቅህን ብቻ ነው።

የዘንድሮውን እንግዲህ በትክክል ታውቀዋለህ። በኅዳር ጽዮን ዝም አልሁ። ሰዎች እስከ ቀትር ድረስ በደጄ እያለፉ ጭስ ይፈልጉ ነበር። ባለፈው እሑድ፣ ታኅሣሥ ዐሥራ ሁለት ቀን፣ የጾም ነውና ንፍሮና ዳቦ አዘጋጅቼ ሰው ጠራሁ። መጡ፤ በሉ፤ እርስ በርሳቸውም ተያዩ። አላምረው ከምንቸቱ አጠገብ ተቀምጦ በሐዘን ዓይን ሲያየኝ ነበር። እንድሪስ ምርኩዙን ይዞ መጣ፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። ንፍሮውን ዘግኖ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ዘንድሮ ቀኗን አገኘች» አለ። ከዚያም ቀስ ብሎ፣ «ውዱ፣ አርባ ዓመት ሙሉ በማይሆን ቀን ስታበዪኝ ኖርሽ፤ ደግነቱ ንፍሮ ቀን አይጠይቅም» አለኝ። ያውቅ ኖሯል። ለምን ዝም አልህ ብለው፣ «ሬሳ የተሸከመ ትከሻ ቀኑን አይረሳም። ግን የሰው ሐዘን ውስጥ ገብቶ ቀን የሚያርም ባለጌ ነው። አንቺ መምህርት ነሽ፤ ራስሽ እስክታርሚ ጠበቅሁሽ» አለኝ። አንተንም እንዲህ ሲል ጠይቆሃል፦ «ያ ፍንጭት አሁንም ይቀልዳል?»

ይቅር በለኝ ብዬ አላጣድፍህም። መቆጣት የሚገባህን ያህል ተቆጣ፤ ብትጽፍልኝ ቁጣህን በሥርዓት ቀን ጽፈህበት ላከው፤ አስቀምጠዋለሁ። መምጣት ከወደድህ ግን የምትመጣበትን ቀን እኔ አልመርጥልህም። በጽዮን ይሁን በሚካኤል፣ በአዘቦት ይሁን በገበያ፣ ከምንም ጋር አላገጣጥመውም። በመዝገቤ ውስጥ ቦታ የሌለው ገጽ የለም።

ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለከፈለች፣ ለሳሏ ማርና ነጭ ሽንኩርት እንድትይዝ፤ ይህን ሁሉ ዘመን ስለ ጠበቀችህም እጅ እነሣታለሁ። ለብሩክታዊት፣ ያን ዕለት ያልመለስሁላትን መልስ ይህን ደብዳቤ ሰጥተህ አስነብባት። ለበረከት፣ ጉንጩን ሳምልኝና ፊደል ሲቆጥር መስመር እንዳይዘልል በለው። ባላውቃቸውም ውኃ ለሰጧችሁ ለጎረቤቶቻችሁ ሁሉ፣ አንድ ሰው ሳይቀር። ሙሉም ሰላም ብላሃለች፤ እንዳላበድሁ አሁን አምናለች።

ነገ ዓርብ ነው። ሲነጋ መጀመሪያ የኅዳር ሃያ አንድን ገጽ እገልጥና በሁለተኛው መስመር ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ሰረዝ አሰምርበታለሁ። ደሴ ያስተማሩኝ መምህር ባንተአምላክ ስሕተት አይፋቅም፣ ይሰረዛል እንጂ፣ ሰው ከነሰረዙ ያንብበው ይሉን ነበር፤ ጎኑ ላይ ስሜን እፈርማለሁ። ከዚያ የታኅሣሥ ዐሥራ ሁለትን ገጽ ገልጬ እናታችንን በቦታዋ እጽፋታለሁ። ከዚያ መናኸሪያ ወርጄ ይህን ደብዳቤ ለአላምረው እሰጠዋለሁ፤ ወሬውን ያደረሰ እሱ ነውና እርማቱንም እሱ ያድርሰው። ከዚያ ትምህርት ቤት ሄጄ፣ ባንዲራው ሲሰቀል፣ ለማርታና ለጓደኞቿ መምህርታቸው አንድ ቀን አጣምማ እንደ ነበር እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ወደ ቤቴ እመለስና ጋቢህን ከሣጥን አውጥቼ አጥበዋለሁ፤ ከግድግዳው ፊት፣ እሷ በተቀመጠችበት በኩል አሰጣዋለሁ። የቆቦ ፀሐይ ሳይመሽ ታደርቀዋለች።

እታለምህ ውዱ
ቆቦ፣ ታኅሣሥ ፲፮ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.